ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለዘጠኝ ቀን

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

እንደምነሽ እናቴ? ጉንፋኑ ተወሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የሚያጉረመርመው ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው።

ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ ስትዘጊብኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። አልፈርድብሽም። ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም።

ወደ አንቺ ስመጣ አውሮፕላኑ ውስጥ ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን «ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል» ይላል። በእኔ አውቶቡስ ቢሆን ሃያ ሦስት ቀን ነው ብዬ አሰላሁ፤ ያውም ጎማ ካልፈነዳ። ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሰው በሌላ ሰው መሪ እንዴት ይተኛል? ሊያርፍ ሲል ቀኝ እግሬ ወለሉን ሲረግጥ አይታ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ነርስ «አባባ፣ ፍሬኑ እዚያ የለም» አለችኝ። እኔ ግን እየረገጥኩ አሳረፍኩት።

አንቺን መውጫው ላይ ቆመሽ ሳይሽ፣ ሃያ ሦስት ቀንም ቢሆን እመጣ ነበር አልኩ።

አልጋሽን ለቀቅሽልኝ። «እኔ ሌላ ክፍል አለኝ አባዬ፣ አልጋም አለው» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። በስምንተኛው ቀን አንቺ ሥራ ሄደሽ፣ ቤቱን ልጥረግላት ብዬ መጥረጊያ ስፈልግ ያን በር ከፈትኩት። የዕቃ ማስቀመጫ ነው። በባልዲውና በግድግዳው መካከል የተዘረጋ ካርቶን፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የሥራ ጫማሽ። ገብቼ ተጋደምኩበት፤ እግሬን መዘርጋት አልቻልኩም። አንቺ ደግሞ ከእኔ ትረዝሚያለሽ።

በሩን እንደነበረ ዘጋሁት። ማታ ስትመጪ «ጎረቤት ደውሎ ነበር፣ የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል አለኝ፤ እስቲ ቲኬቴን ለነገ አስቀይሪልኝ» አልኩሽ።

«አንድ ወር ብለህኝ! ምን አጎደልኩብህ?» ብለሽ አለቀስሽ። እውነቱን ብነግርሽ ልታፍሪ ነው፤ ብቆይ ወገብሽ ሊጎዳ ነው። እኔም ሻንጣዬን አሰርኩ።

ልጄ፣ ጣሪያው አያፈስም። በእኔ ላይ ያጎደልሽው አንድም የለም፤ ያጎደልሽው በራስሽ ላይ ነው።

አሁን ይህን አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ እያነበብሽ ከሆነ ደስታዬ ነው። እግርሽን እስከ ጫፍ ዘርጊው። ለእኔ ስትይ ደልቶኛል አትበይ፤ ቢደላሽም ባይደላሽም ልጄ ነሽ።

እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ አብሮሽ የሚውለው ሰው ልበ ቀና ይሁን፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

ስመለስ አስተናጋጇን ጠይቄያት ነበር። ወደዚህ ሲመጡ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ ያጥራል አለችኝ። እንዲያው እንድታውቂው ብዬ ነው።

አባትሽ