የዛሂዳ ጣቶችና የእርስዎ ማሽን

ለስደተኞች የሕክምና ድጋፍ የሚሰጠው ድርጅት፣ የካምፓላ ቢሮ ለተከበሩት ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ልብዎ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ እንደሚመታ፣ የቢሮዎንም ደረጃ ያለ ዕረፍት እንደሚወጡ ተስፋ አለኝ። እኔ ሰይፈ ጉግሳ እባላለሁ፤ የካምዎክያ ነዋሪ ስሆን እርስዎ ዘንድ ወረፋ ለሚጠብቁ ያገሬ ልጆች አስተረጉማለሁ። የቀጠረኝ የለም፤ ስለዚህ ሊያባርሩኝ አይችሉም።

በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ ስለሚለጥፉልን የኮምፒውተር እንቆቅልሽ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባለፈው «ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያትም ማተሚያ» የሚለው ግማሽ ቀን አከራክሮናል። መልሱ ደስ ይላል፦ ጎረቤት ያለው በያጅ ደጅ ስለሚሠራ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ያቆማል፤ ያኔ መብራቱ ለማተሚያው ይበቃል። ከሥሩም «ማሽኑ ሲያስቸግር ማሽኑን ብቻ አትይ፣ ዙሪያውን እይ» የሚል ምክር ጽፈዋል። ምክርዎን ተቀብዬ የራሴን እንቆቅልሾች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አንዲት ሴት እንዲያው ወረፋዋን ለመጠየቅ ስትመጣ የቢሮዎ የጣት አሻራ ማሽን ያውቃታል፣ አረንጓዴ ያበራላታል። በቀጠሮዋ ቀን ግን ቀይ አብርቶ አላውቃትም ይላል። ለምን? ሴትዮዋ በኦዊኖ ገበያ ሰልባጅ የምትሸጠው የወሎዋ ዛሂዳ ናት። የሰባት ዓመት ልጇ ተስኒም ልቧ ላይ ቀዳዳ አለባት፤ ከመንገዱ እስከ ቤታቸው እንኳ ሳታርፍ አትደርስም፣ ሲደክማትም ከንፈሯ ይጠቁራል። ቀዶ ሕክምናው ተፈቅዶላታል። የቀረው እናቲቱ ጣቷን አስነክታ መስማማቷን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ሠራተኞችዎ መልሱን ለማግኘት ደክመዋል። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ላብ ነው አሉ፣ በመጨረሻም ሌላ ሴት ትሆናለች ብለው በስሟ ላይ «አጠራጣሪ» ጻፉ። ይህን የጻፈችው በመስኮቱ በኩል ሁልጊዜ «ማማ ተስኒም፣ ልጅቷ እንዴት ናት?» እያለች የምትቀበላት ልጅ ናት። ያን ቀንም በዚያው ለዛ «ኛቦ፣ እመቤቴ፣ ሲስተሙ አላወቀሽም» አለቻት።

መልሱ ሂና ነው ክቡር ሆይ። በዛሂዳ አገር ሴት ለዒድ፣ ለሠርግ፣ ትልቅ ሰው ፊት ለምትቆምበትም ቀን እጇን ታሳምራለች። ስለዚህ በቀጠሮው ዋዜማ ጎረቤቷ ጀሊላ የጣቶቿን ጫፍ እስኪጠቁር ድረስ ትቀባታለች፤ ማሽኑም በወፍራሙ ቀለም ሥር ያለውን አሻራ ማየት ያቅተዋል። ቀለሙ ሲለቅ ተመልሶ ያስታውሳታል። ያከበረችዎ ቀን አላወቃችኋትም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ ማሽኑ አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ካላወቀ ፋይሉ በራሱ ይዘጋል፣ ተራውም ለሌላ ሕመምተኛ ያልፋል። ዛሂዳ ሁለቱን ጨርሳለች። የሚዘጋው ማን ነው ብዬ ከዘበኛው ጀምሬ እስከ ምክትልዎ ድረስ ጠየቅኩ፤ ሁሉም ሲስተሙ ነው አሉኝ። በእኛ የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልስ ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። እኛ ደግሞ የምንሰጠው አገር ስለሌለን ተመልሰን ወረፋችን ላይ ቆምን።

ሦስተኛ፤ በርዎ ላይ ስለ ኮሮና «አትነካኩ» ይላል፤ ውስጥ ገብተን ሁላችንም አንዱን መስታወት በጣታችን እንነካለን። ዛሂዳ ማስኳን ለአፍታ ዝቅ አድርጋ ፊቷ ከካርዷ ፎቶ ጋር ይተያይ ብዬ ብለምን ለጤናዋ ሲባል አይቻልም ተባልኩ። ስለ ጤናዋ እንዲህ በመጨነቃችሁ በልጇም ስም ጭምር አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎ የሂናውን ነገር ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ሳያያት «አጥበሽ በሚቀጥለው ማክሰኞ ነይ» አላት። ሂና ቆዳው ራሱ እስኪለውጠው እንደማይታጠብ፣ ቀጠሮውም ሁለት ሳምንት ቢገፋ ሁሉም እንደሚስተካከል አስረዳሁት። ቀጠሮ የሚገፋውም ሲስተሙ ነው አለኝ። ለአጭርና ግልጽ መመሪያው ምስጋና ይድረሰው፤ ዛሂዳ ቃል በቃል እየፈጸመችው ነው።

ለዓመታት ሳይነቃነቅ የኖረው ትዕግሥትዎ እንዲሁ እንዳለ ይቆይልዎ፤ ወንበርዎ አይጉደል፣ ማሽንዎም እርስዎን ረስቶ አያሳፍርዎ እያልኩ፣ ከደረጃዎ ሥር ሆኜ እጅ የምነሳ፣

የዛሂዳ ጎረቤትና የእንቆቅልሽዎ ታማኝ አንባቢ፣
ሰይፈ ጉግሳ
ካምዎክያ፣ ካምፓላ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ዛሂዳ መጥታ ጣቶቿን አሳየችኝ። ታጠቢ ስለተባለች ሳምንቱን ሙሉ በበረኪና ስትዘፈዝፍ፣ በአሸዋና በድንጋይ ስትፈገፍግ ከርማለች። ሂናው ለቋል፤ ቆዳውም አብሮ ሄዷል፤ የጣቶቿ ጫፍ የተላጠ ቀይ ሥጋ ነው፣ መስመር የሚባል ነገር የለውም። በአውራ ጣቷ ትከፍተው የነበረው ስልኳ እንኳ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሏታል። ያም ሆኖ ማክሰኞ እንመጣለን፤ ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ጊዜ ናት። ፈርቻለሁ፤ ማሽንዎ የሚለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁና። ተስኒምንም አዝዬ ደረጃውን አወጣታለሁ፤ በእግሯ መውጣት ስላልቻለች ነው፣ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። ስለዚህ ለዚያች አንድ ቀን ከማሽኑ አጠገብ ዓይን ያለው ሰው ያስቀምጡልን።