ለኢሪዴ ጭብጨባ የተተወችውን ቦታ ለደፈኑልን ክቡር ሰብሳቢ

ለቶሬ ሳልዳ ማዘጋጃ ቤት የበጋ ምሽቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር ዶክተር ፉልቪዮ ዛንኬታ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ፣ በተለይ ለጆሮዎ ጤና ማለዳ ማለዳ በቅዳሴ ላይ እንደምጸልይ በአክብሮት እገልጻለሁ። ጸሎቴ እስካሁን አልተሰማም፤ ጥፋቱ የኃጢአቴ ብዛት ይሆናል።

እኔ ኤጊስቶ ቦንዲ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሸክላ ንጣፍ ፋብሪካ የሠራሁ፣ ሚስቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ በባሕሩ ዳር ጭፈራ ቤቶች ለሚጫወቱ ባንዶች በኪቦርድ ቤዙን፣ ማለትም ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ፣ እጫወት ነበር። ኮሚቴዎ «በሰማንያዎቹ ስልት የተሠራ አዲስ ሙዚቃ ከነዋሪው እንፈልጋለን» ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ያንን አሮጌ ኪቦርድ ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ደክሜ አንድ ሙዚቃ ሠራሁ። ስሙንም «ለኢሪዴ» አልኩት፤ ኢሪዴ ሚስቴ ናት። ባለፈው ማክሰኞ «ታርሞ ተቀብለነዋል» የሚል ደብዳቤዎ ስለደረሰኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ቤዝ ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የዚህ ሙዚቃ ቤዝ አንዱን ኖታ ከታች፣ ያንኑ ኖታ ከላይ፣ ታች ላይ፣ ታች ላይ እያለ እንደ ስፌት መኪና የሚሮጥ ነው። እኔም እንዲሁ አስሮጥኩትና፣ በየአራተኛው ዙር መጨረሻ ላይ አንዲት ኖታ ሆን ብዬ ተውኩ። ኮሚቴዎ ግን «የተዘለለች ኖታ ተገኝታ በኮምፒውተር ተሞልታለች፤ ክፍተት የዘመኑ መንፈስ አይደለም» ሲል ጻፈልኝ። ጎረቤቴ ኔቪዮ ይህን ቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ ጮክ ብሎ አነበበና፣ «አንተ ኤጊስቶ፣ ሰማንያዎቹን ኖርካቸው እንጂ አላወቅካቸውም ነው እኮ የሚሉህ! ዶክተሩ ያኔ የት ነበሩ? ጡት ላይ!» ብሎ ሰውን በሳቅ ገደለው። እኔ አልሳቅሁም።

፪ኛ፤ ያቺ ኖታ አልተዘለለችም። በወጣትነታችን ኢሪዴ በሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ስትተኩስ ውላ ስትመለስ፣ ጫማዋን አውልቃ ኩሽናችን ውስጥ ቆማ ታዳምጠኝ ነበር። አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ መተንፈስ አለበት፤ ትንሽ ቦታ ተውልን እንጂ!» አለችኝ። ተውኩላት። በዚያች ቦታ አንድ ጊዜ አጨበጨበች፤ ውሎ አድሮ ጭፈራ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭብባት ጀመር። የምንጸልይበት መቁጠሪያ እንኳ በየአሥሩ ፍሬ ክፍተት አለው፤ ክቡርነትዎ ቢያገኙት እሱንም በፍሬ ይሞሉት ነበር።

፫ኛ፤ እዚህ ላይ ራሴንም ልክሰስ። «ኮሚቴው ሊያስተካክል ይችላል» የሚለውን ወረቀት መነጽሬን ሳላደርግ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከዚህ የከፋም አለ። ድሮ አንድ የስቱዲዮ ሰው «ቀዳዳውን ድፈን፣ አለዚያ አላሳትምልህም» ቢለኝ፣ እሺ ብዬ ደፈንኩለት። ኢሪዴ «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብቻ አለች፤ ያን በጋ ሙሉ ግን አልጨፈረችም። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች። ይህ ሙዚቃ ያ ይቅርታ ነበር። እርስዎ አረሙት።

ለደብራችን ቄስ ለዶን ቴርዞ ቁጣዬን ብናዘዝ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ኖታ ነው?» አሉኝ። «ስለሌለች ኖታ ነው፣ አባ» አልኳቸው። ንስሐ ሳይሰጡኝ አሰናበቱኝ።

ስለዚህ ሙዚቃው በአደባባዩ ከሚሰማበት ከመጪው ቅዳሜ በፊት ክፍተቷን እንዲመልሱልኝ፣ ካልሆነም የሚስቴን ስም ከላዩ ላይ እንዲያነሱልኝ እጠይቃለሁ። የተደፈነውን በራስዎ ስም ይጥሩት፤ ያምርበታል።

ዘመኑን የኖረው፣ ነገር ግን መንፈሱን ከእርስዎ የተማረው፣ እጅ ነሥቶ የሚሰናበትዎ፣

ኤጊስቶ ቦንዲ

ማስታወሻ፦ ስሟንም ከላዩ ላይ ሳያነሱ፣ ቦታዋንም ሳይመልሱ ካሰሙት፣ ቅዳሜ በየአራተኛው ዙር መጨረሻ ከሕዝቡ መካከል አንድ ጭብጨባ ይሰማሉ። መሣሪያው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ እኔ ነኝ። ኔቪዮም እመጣለሁ ብሏል። የላውንደሪው ሴቶችም በሙሉ። እነሱን ደግሞ በኮምፒውተር ያርሟቸው።