ካሜራው ላይ የደፋሁት ኮፍያ

ውድ ፈለቀ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። እኔ አልጠይቅህም። ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ፤ የታመመ ሰው እንደዚያ አይጮህም።

ይህን የምጽፍልህ ሱቃችን ውስጥ፣ የሕጻናት ልብስ በተከመረበት ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብዳቤውንና ቁልፉን ለጎረቤታችን ለሀፍሷ እሰጣታለሁ። ነገ ከቻይና፣ ከጓንዡ ስትገባ ከእሷ ትቀበላለህ። ቤት ያላስቀመጥኩልህ ከኤርፖርት ቀጥታ የምትመጣው ወደ ሱቅ ስለሆነ ነው። እኔን አታገኘኝም። የት እንዳለሁ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ነገሩን ከመስቀል ልጀምር። አገር ቤት ገብተን፣ ክትፎው ተበልቶ፣ ሽማግሌዎቹ የዓመቱን ጠብና ቅሬታ ለመፍታት ሲቀመጡ እናትህ እትዬ ማሚቱ እንደ ልማዳቸው ሆዴን አይተው «ዘንድሮም ባዶ?» አሉኝ። አምስት መስቀል ዝም ብያለሁ። በስድስተኛው አቃተኝ። «እትዬ፣ ልጅ በካርጎ አይመጣም» አልኳቸው። አንተ አንገትህን ደፋህ። አባትህ ጋሼ ማሙሸት መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ለመሆኑ ይኼ ልጅ ለገና ቤቱ ተገኝቶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድም ዓመት» አልኩ። ያኔ ነው የፈረዱት። «ዘንድሮ ቻይና እሷ ትሂድ። አንተ ሱቅህን ጠብቅ። ከዚያ ወዲያ በየተራ ነው።» አንተም ተነስተህ ጉልበታቸውን ስመህ «እሺ አባባ» አልክ። በመስቀል፣ ሽማግሌ ባለበት፣ በአባት ፊት የተሰጠ ቃል እንደማይታጠፍ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወልጄ ያደግኩት እኔ እንኳ አውቃለሁ። አንተ የዚያው አገር ልጅ ነህ፣ ይህ እንዴት ጠፋህ?

ሥራውን አላውቅም እንዳትለኝ። የቻይና ፋብሪካዎች ለራሳቸው አዲስ ዓመት ስለሚዘጉ በገና ሰሞን እዚያ ያልተገኘ ነጋዴ ለፋሲካ የሚሸጠው አይኖረውም። ስለዚህ ከሁለታችን አንዱ መሄድ አለበት። ያ አንዱ ሁልጊዜ አንተ ነህ ያለው ማነው? ዕቃ መምረጥ ያውቅበታል እንዳይባል፣ አምና ለገና ሽያጭ አደይ አበባ የታተመበት ቀሚስ በኮንቴይነር ያስጫንከው አንተ ነህ። አደይ በታኅሣሥ! ደንበኛው ሁሉ «እንቁጣጣሽ ተመልሶ መጣ እንዴ?» እያለ ሲስቅ ፊት ለፊት ቆሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስቀህ «ቻይናዎቹ ቆንጆ ነው አሉኝ» ነበር ያልከው።

ፓስፖርት አወጣሁ፣ ቪዛ ተመታልኝ፣ ሻንጣ ገዛሁ። በኅዳር አጋማሽ አንተ «አሥር ቀን ብቻ፣ የተበላሸ ትእዛዝ አስተካክዬ ልምጣ፤ ከዚያ ተራው ያንቺ ነው» ብለህ ወጣህ። አሥሩ ቀን ሃምሳ ሊሞላ ነው። ሻንጣዬ አልጋው ሥር አቧራ ጠጣ።

ከመሄድህ በፊት ያደረግክልኝ ነገር ቢኖር ይህን ካሜራ ማስገጠም ነው። «ሸዋዬ፣ ድምፅም አለው። አብሬሽ እንዳለሁ ቁጠሪው» አልከኝ። ሞኝ ነኝ፣ አመንኩህ። ጠዋት ጠዋት መዝጊያውን ከፍቼ ስገባ ቀና ብዬ «እንደምን አደርክ» እልህ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሀፍሷ ምስክሬ ናት፤ ስቃብኛለች። አንድም ቀን አልመለስክልኝም። እዚያ ቀትር እንደሆነ እያወቅኩ «ተኝቶ ይሆናል» እያልኩ ስምህን ጠበቅኩልህ።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ፎቶ ላክህልኝ። የሆቴሉ በር ላይ ከተተከለው ትልቅ የገና ዛፍ ጎን ቆመህ፣ ቀይ ኮፍያ አድርገህ ጥርስህ ሁሉ ይታያል። እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ቆሜ ሽሮ በዳቦ እየበላሁ ነው። ተናደድኩ ፈለቀ። አንተ የፈረንጁንም የኛንም ገና ልታከብር ትችላለህ፤ እኔ አንዱንም ከባሌ ጋር አክብሬ አላውቅም።

የዋዜማው ዕለት ግን ከሁሉ የባሰው ነው። ገበያው እንዴት እንደነበር ታውቃለህ፣ መርካቶ እግር ማስቀመጫ አልነበረም። ወደ ማምሻው ልዘጋ ስል አንዲት እናት መንታ ሴት ልጆቿን ይዛ ገባች። ከአማኑኤል በእግሯ ነው የመጣችው። ሁለት ነጫጭ ቀሚስ አስለካች፣ ልጆቹ መስታወቱ ፊት ዞሩ። «እህቴ፣ ትንሽ ቀንሺልኝና ላልብሳቸው ለነገ» አለችኝ። «ዋዜማ አይደል፣ እቀንስልሻለሁ» አልኩ። ከዚያ ከጣራው ሥር፦

«ሸዋ! አትቀንሺ! አምስት ሳንቲም እንዳትቀንሺ!»

ልጆቹ እናታቸው ቀሚስ ሥር ገቡ። ሴትዮዋ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

«ማነው?»

«ባለቤቴ ነው።»

«የት ሆኖ?»

«ቻይና።»

ወደ ላይ አየች፣ ወደኔ አየች። «የኔም ይጮሃል፤ ግን ቤት ሆኖ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሶቹን አጥፋ መልሳ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ለእኔ አዝና ነው ፈለቀ። እንዳልቆጣባት ሳይሆን አንተ እንዳትቆጣኝ ፈርታልኝ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ከአርባ ቀን በላይ ሰላምታዬን ሰምተህ ዝም ያልክ ሰው ለካ ድምፅ ነበረህ!

ቀሚሶቹን በቀነስኩት ዋጋ ጠቀለልኩላት። ከዚያ መሰላሉን አውጥቼ አንድ የሕጻን የሱፍ ኮፍያ ካሜራው ላይ ደፋሁበት።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሀፍሷ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ፈለቀ ነው» አለችኝ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። እኔ ደንግጠህ «ሚስቴ ምን ሆነች?» ያልክ መስሎኝ ነበር። ድምፅህ ከስልኩ ይሰማ ነበር፦ «ካሜራው ለምን ጨለመ?» ሀፍሷ ደግሞ እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ሚስትህ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። አልጠየቅከኝም እንጂ።» ስልኩን ዘጋችብህ። የገናን ዕለት ምሳ ማን ጋ የበላሁ ይመስልሃል? እሷ ቤት ነው። የራሷ በዓል ባይሆንም የእኔን ለማድመቅ ቤቷን ስታሰናዳ አርፍዳ ጠበቀችኝ።

አሁን የት እንዳለሁ ልንገርህ። ይህን ስታነብ እኔ ጓንዡ ነኝ። ዛሬ ማታ እበራለሁ፤ አንተ ስትመጣ እኔ እሄዳለሁ፣ ሰማይ ላይ እንተላለፋለን። ተራዬን ነው የወሰድኩት። ለጋሼ ማሙሸት ደውዬ ብነግራቸው «ዘገየሽ» ብቻ ነው ያሉኝ።

እወድሃለሁ፤ ባልወድህ ኖሮ እንዲህ አልቆጣም ነበር። ግን ድካሜን አልደብቅህም። ስመለስ ቤቴ ውስጥ ባል ካላገኘሁ፣ በመጪው መስቀል ሽማግሌዎቹ ፊት የምናገረው ስለ ተራ አይሆንም። ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው፤ ሰምተህ እንድታውቀው ነው።

ካሜራውን የገጠመልህ ጠይብ የሚባለው ልጅ ትናንት መጥቶ ወደ እኔ ስልክ አዛውሮልኛል። ያንተ ላይ ከእንግዲህ አይከፈትም። ኮፍያውንም አውርጄዋለሁ። አትፍራ፣ ደንበኛ ፊት አልጮህብህም። መቀነስ ካሻህ ቀንስ።

ጠዋት መዝጊያውን ከፍተህ ስትገባ ግን ቀና በልና «እንደምን አደርሽ» በለኝ። ሞኝነት ይመስልሃል፣ አውቃለሁ። ሀፍሷም ትስቅብሃለች። ቢሆንም በለኝ።

እኔ እመልስልሃለሁ።

ሚስትህ ሸዋገነት