የዘይነብ የደም ውጤት

ጂዛን፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ከሐኪም ቤት አንገቴን ቀና አድርጌ ወጣሁ።

የየመን ጦርነት ድንበር ላይ ካለው ቀያችን ከአል-ሐርስ አፈናቅሎን እዚህ ከሰፈርን ወዲህ ልጄን ዘይነብን ፍርሃት ከቤት አላስወጣ አላት፤ ስትበላ እየዋለች ከልክ በላይ ወፈረች። ዓምና ሐኪሟ ደሟን መርምራ፣ «ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው፤ ሰውነቷ ግን ቀድሟት እያረጀ ነው» ስትለኝ፣ ልጄ ከእኔ ቀድማ እንዳትሞት ፈራሁ።

ያን ዕለት ለስላሳ መጠጥ ከደጃፌ እንዳያልፍ፣ ለራት ሩዝ እንዳይቀርብ፣ ዘይነብም ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከእኔ ጋር በባሕሩ ዳር እንድትራመድ አዘዝሁ። እናቷ አኮረፈች፤ እኔ ግን ከቃሌ አልተመለስሁም።

ዛሬ ሐኪሟ፣ «ክብደቷ ቀንሷል፤ በደሟ የታየው የእርጅና ምልክትም ወደ ኋላ ተመልሷል» አለች።

«ሥርዓት ያልሁት ይህን ነው» አልሁ።

ዘይነብ ሳቀች። «አባዬ፣ እርስዎ ከለከሉ እንጂ የተራብሁት እኔ ነኝ። አሁን ኸላስ፣ በቃ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ፤ የእርስዎም ደም ይታይ።»

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ስንራመድ ቁጭ እንበል የሚለው ማን ነበር?»

ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ስትጠብቀኝ እምቢ ለማለት አፈርሁ። ውጤቱ እሑድ ይደርሳል። ደምህ አርጅቷል ብባልም አልከፋም፤ በዚህ ቤት ማርጀት የሚገባኝ እኔ ነኝ።