የዘንገና ጠጅ

ኅዳር 24 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሰኞ

አዲሱ ማር ገባ። የአደይ ማር ነው፣ ቢጫ። ሰፈፉ በዝቶበታል እንጂ ጥሩ ነው። ሁለቱን ጋን አጥቤ በወይራ አጠንሁ።

እማዬን እግሯን ዛሬም አሟታል። አልጋዋ ላይ ሆና ትጮኽብኛለች። "ወርቅአየሁ! ጌሾውን ወቅጠሽዋል ወይስ እንዲያው ሰባብረሽ ነው?" ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጠጅ መጣል ከጀመርሁ አሥራ አምስት ዓመት አለፈኝ። አሁንም ስለ ጌሾ ትጠይቀኛለች።

ጾም ስለሆነ ጠጪው ጥቂት ነው። ዳንግላ ጭር ብላለች።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግራዝማች ክንዴ ደጃፋችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከኢንጅባራ በጭነት መኪና ተጭነው ነው የመጡት። አዲስ የተሠራችው ማርያም ቅዳሴ ቤቷ ጥር 21 ቀን ይከበራል። የድግሱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው።

ከአያቴ ከደብሪቱ ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ድግስ ጠጅ የሚሄደው ከእኛ ቤት ነው። ዘንድሮ ግን የአገሩ ሰው "እኛ ዘንድ ጠጅ ጠፍቶ ነው ከዳንግላ የምናስጭን?" ብሏቸዋል። አዘና ላይ የነደርበው ቤት አለ። ዘንገና ደግሞ የወይዘሮ ዘውድነሽ። ሁለቱም ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ጠጅ ቤት ነው።

"እና አንች ቅመሽ" አሉኝ።

"እኔ?"

"እኔና የደብሩ ቄስ መምሬ በዛብህ እንጠጣለን እንጂ ምን እናውቃለን። ካንች የማያንስ ከሆነ ጠጁን እነሱ ይጣሉት። ካነሰም እንደ ወትሮው አንች።"

"ለራሴ ብፈርድስ?"

ሳቁ። "የእታለማሁ ልጅ አትዋሽም።"

እማዬ ስሟን ከውስጥ ሰምታ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ?

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

አዘና ደረስን። በበቅሎ። ወገቤ ተቆራረጠ። መምሬ "ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በአፌ ምንም አላስገባም" ስላሉ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

በነደርበው ቤት ጠጅ የሚጥለው ወንዱ ነው። አባት ለልጅ ያስተምራል። ደርበው ራሱ ቀዳልን። ቀመስሁ... ጎምዝዟል። ግራዝማች ሳይሰሙ ቀስ ብዬ ነገርሁት። አንገቱን ደፋ። "ያባቴ ጋን ተሰብሮ በአዲስ ነው የጣልሁት። ልክ ነሽ" አለኝ። አልተቀየመኝም። ሲሸኘን እንዲያውም ኮርቻዬን አጠበቀልኝ።

ፍርዴን በመንገድ ላይ ስነግራቸው ግራዝማች፣ "አየሽ፣ ለዚህ ነው አንችን ያመጣሁ" አሉ።

ኮራሁ።

ታኅሣሥ 9

ዘንገና ዋልን። ዛሬ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

ቤቴ ገብቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሩን እያየሁ አለፍሁት። እስቲ ልጻፈው።

ቤታቸው ከሐይቁ በላይ፣ ከጫካው ጥግ ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ከበሽታ ገና መነሳታቸው ነው፣ በጋቢ ተጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፣ የሚናገሩት በአገውኛ ነው። ልጃቸው አበረ ከጎናቸው ቆሟል። የምትቀዳው የአበረ ሚስት ማናለብሽ ናት። ቀጭን፣ ፈገግተኛ። ብርሌውን ሁለት ጊዜ አጥባ ሰጠችኝ። አማቷ የሚሉትንም ለእኛ ታስረዳለች። "እንኳን ደኅና መጣችሁ ይላሉ። ያያታቸው ሙያ ነው፣ ሳትሳቀቁ ቅመሱ ይላሉ።"

ተጎነጨሁ። ደገምሁ። አፌ ውስጥ ያዝሁት።

የአያቴ ጠጅ ነው!

አያቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ እማዬም እኔም ያን ጣዕም መልሰን አምጥተን አናውቅም። ማር ቀየርን። ጌሾ ቀነስን። ስንት ጊዜ ሞከርን፣ ስንት ጊዜ እማዬ ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች። እና እዚህ፣ በማላውቀው ሰው ቤት...

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

"እህስ?" አሉ ግራዝማች።

"ስኳር አለበት" አልሁ።

እንዲሁ ነው ያልሁት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

መምሬ በዛብህ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። "ስኳር?"

"ማር ሲያንሳቸው ይጨምሩታል። ምላስ ላይ ይቀራል።" ይህን ለምን ጨመርሁ? አንዱ ቃል አይበቃኝም ነበር?

ወይዘሮ ዘውድነሽ ምን አለች ብለው ጠየቁ። ማናለብሽ አላስረዳቻቸውም። የነገራቸው አበረ ነው። ይቆጡኛል፣ ከቤቴ ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እኔን ግን አላዩኝም። ያዩት ማናለብሽን ነው።

ለምን እሷን?

ታኅሣሥ 16

እማዬ ዛሬ ጠየቀችኝ። "የዘውድነሽስ እንዴት ነበር?"

"ስኳር አለበት።"

"እናቷን አውቃቸዋለሁ" አለች። "አያትሽ ጠጅ መጣል የተማረችው ከእሳቸው ነው። አልነገርሁሽም?"

አልነገረችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዐውቃብኝ ይሆን?

ታኅሣሥ 18

ግራዝማች ላኩብኝ። ትእዛዙ የእኛ ሆኗል። ጋኖቹን ማጠብ ጀመርሁ።

ጥር 4፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጥቼ ነበር። ባልወጣሁ!

ከጥርባ ጌሾ የምታመጣልኝ ያለምወርቅ የምትባል ሴት አለች። ጌሾዋን እየሰፈረች ወሬ ታወራልኛለች። "የዘንገናዋ ዘውድነሽ ምራታቸውን አስወጧት አሉ።"

"ምን አድርጋ?"

"ሴትዮዋ ጥቅምትን በሙሉ ታመው ተኝተው ነበር። ጠጁን ለብቻዋ የጣለችው ምራቲቱ ናት። ለእሳቸው ሻይ ማጣፈጫ ብላ ደግሞ ስኳር ገዝታለች፣ ሁሉም አይቷል። ኋላ ከዳንግላ አንዲት ቀማሽ መጥታ ጠጁን ብትቀምስ ስኳር! በይ፣ ስኳሩ የት እንደገባ ታወቀ። የአያት የቅድመ አያት ስም አዋረድሽ ብለው ወደ አባቷ ቤት ሰደዷት። ባልየውም አፉን አልከፈተም።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ኧረ ትምላለች። ማን ይሰማታል።"

ቀማሽ የምትላት እኔ መሆኔን አላወቀችም። ጌሾውን መርቃ ጨመረችልኝ። ተቀበልሁ።

ጥር 11

ዛሬ ሂጄ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ጥምቀት ስለሆነ ተውሁት።

ጥር 14

ጠጁ ሊደርስ ነው። ድግሱ ይለፍና እናገራለሁ።

ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብሁት። ድግሱ ካለፈ በኋላ ለማን ይጠቅማል?

ጥር 21፣ ማክሰኞ። ኢንጅባራ

አለቀ። ሕዝቡ ብዛቱ! ታቦቷ ስትወጣ አለቀስሁ። ሰው በደስታ መስሎት ይሆናል።

ዳሱ ውስጥ ጠጁን ሁሉም አመሰገነው። አንድ ባላባት "ይህች ናት የደብሪቱ የልጅ ልጅ" ብለው ለሰው አሳዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ጨዋ ናት አሉ።

አበረ መጥቶ ነበር። ከጎረቤቶቹ ጋር ከዳሱ ጥግ ተቀምጧል። አሳላፊው ሲደርስበት ብርሌውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀመሰ። ከዚያ አየኝ። በጥላቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ጥሩ ጠጅ ነው" እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ጥር 25

ለእማዬ ነገርኋት። እግሯን በቅቤ እያሸሁላት ነበር፣ ዓይኗን ላለማየት።

ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ እግሯን ከእጄ ውስጥ ሳበች።

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? የበደልሽው እኔን ነው?"

"እማዬ..."

"የአያትሽ ጣዕም ነበር አልሽ?"

"አዎ።"

"እኔም ሳልቀምሰው ልሞት ነው" አለች።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ኢንጅባራ ሄድሁ። መጀመሪያ ግራዝማች ዘንድ። ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ድግሱ አልፏል። አሁን ብትናገሪ ምን ይፈይዳል? የምዋረደው እኔም ነኝ። አንችን ያመጣሁ እኔ ነኝ።"

"ምራቲቱ ከቤቷ ወጥታለች ግራዝማች።"

"ባልና ሚስት ናቸው፣ ይታረቃሉ። ተይው።"

ልተወው ትንሽ ቀረኝ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ወጣሁ... ትልቅ ሰው ተይው አሉኝ ብዬ። ከበሩ ስወጣ ግን መምሬ በዛብህን አገኘኋቸው። ያመጣኝን ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ።

መምሬ አልገሠጹኝም። መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። "የተናገርሽው የት ነው?" አሉ።

"ዘንገና።"

"እንግዲያው እዚያው ሂጂና ተናገሪ። እኔም ያን ቀን ነበርሁ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ተናገርሁ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ እዚያው ከምድጃው አጠገብ ናቸው። ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። አበረ መምሬን አይቶ በርጩማ አቀረበ፣ ለእኔም ጭምር። አልተቀመጥሁም።

"ስኳር አልነበረበትም" አልሁ። "ከእኔ ስለበለጠ ነው የዋሸሁት።"

አበረ አልተረጎመላቸውም። አፈጠጠብኝ። "ድገሚው" አለ።

ደገምሁት። ሁለተኛው ባሰብኝ።

ለእናቱ ነገራቸው። አሮጊቷ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ጠየቁ። አበረ፣ "ታዲያ ምን ይመስል ነበር? ይላሉ" አለኝ። "እሳቸው አፋቸው መሮ ስለነበር አልቀመሱትም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁሉንም ደፋነው።"

ደፉት። ያን ጠጅ ደፉት።

"የአያቴን ይመስላል በላቸው። አያቴን ያስተማሯት የእሳቸው እናት ናቸው።" ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወደ ማናለብሽ አባት ቤት ጥርባ ሄድን፣ በእግር፣ መምሬና አበረ እኔም። አበረ መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት እየሄደ አንድ ጊዜም አልዞረም። ማናለብሽ በአባቷ ግቢ ጌሾ ታሰጣለች። አየችን። ሥራዋን አልተወችም። ቆሜ ተናገርሁ። የዛሬ ሦስተኛዬ ነው፣ ግን አልቀለለኝም።

"መስቀል ይዤ ምዬ ነበር" አለች። ለእኔ ይሁን ለአበረ አላወቅሁም። "አልጨመርሁም ብዬ። አላመኑኝም። አንችን ግን ያን ቀን ስትናገሪ አመኑሽ። ዛሬም ስትናገሪ አመኑሽ።"

አበረ ቀረብ አለ። "ማናለብሽ፣ በቃ ቤትሽ እንግባ..."

"የማን ቤት?"

መምሬ ትከሻውን ይዘው አስቆሙት።

"ብቻሽን ነው የጣልሽው?" አልኋት። ምን ቆርጦኝ እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። "ብቻዬን" አለች። "ውጪልኝ አሁን።"

ወጣሁ።

ሚያዝያ 12

ወሬው ዳንግላ ደርሷል። ከደንበኞቻችን ግማሹ ቀርቷል። የሚመጡትም እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንዱ ዛሬ "ስኳር የለበትም አይደል?" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ቀዳሁለት።

እማዬ ታነጋግረኛለች። ስለ ጌሾ ግን መጠየቅ ትታለች። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኅዳር 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ማናለብሽ ኢንጅባራ ላይ ጠጅ ቤት ከፍታለች። አበረ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ልኮባት እንቢ አለች። መንገድ ዳር ነው፣ አንዲት ክፍል፣ ሣር ጎዝጉዛበታለች። ማር ልገዛ ሄጄ በደጇ ሳልፍ እግሬ ቆመ። ገባሁ።

ሰዉ ሞልቷል። አወቁኝ መሰለኝ፣ ጫጫታው ቀነሰ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሌላውን ሁሉ አስተናግዳ ስትጨርስ ለእኔም ቀዳች። አልሄደችም። እጇን አጣምራ ከፊቴ ቆመች።

"ቅመሽ" አለች።

ቀመስሁ።

"እንዴት ነው?"

ከዚያ ወዲህ ቅመሽ ያለኝ ሰው የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ምን ልበል? ይህን ሁሉ ሰው እያሰማሁ "ከእኔ ይበልጣል" ብል... ያን ጊዜ የነጠቅኋትን ልመልስላት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበረ።

"ጌሾው በዝቶበታል" አልሁ። "ሳይደርስም ነው ያጠለልሽው። ጋኑ አዲስ ነው፣ ገና አልለመደም።"

አንዱ ከኋላ "ደግሞ መጣች!" አለ። ማናለብሽ ዞር ብላ አየችው። ብርሌውን ከእጄ ወሰደች። የቀረውን ደጅ ደፋችው።

"ዐውቃለሁ" አለች። ሌላ አልቀዳችልኝም። ሂጂም አላለችኝም። ትንሽ ተቀመጥሁና ተነሳሁ።

እቤት ደርሼ ለእማዬ ነገርኋት። "ጥሩ ነው ብትያት ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ትንሽ ባረፈች። አንችም ባረፍሽ።"

እውነቷን ነው። ባረፍሁ ነበር።

ግን ጥሩ አልነበረም።