ከሎሚው ሥር የቀበርኩት ፊት

ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1957

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ በተራራችን ጉም መካከል በሰላም ያግኝሽ። ጉልበትሽ ተሽሎሽ እንደሆነ፣ የክረምቱንም ማገዶ ማን እንደፈለጠልሽ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። የተማርኩት አራት ዓመት ብቻ ነውና ፊደሌ ቢወላገድ ይቅር በይኝ፤ ነገሩን ግን በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ።

እኅቴ ሉቪና በሁለት ዓመት ውስጥ በቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ታይታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሬሳ ሆና። ትንፋሿን እንደ እርሷ የሚይዝ የለምና የስቱዲዮው ሰዎች ገና ከበሩ፣ «ሟቿ መጣች! ዛሬስ በምን ልትሞቺ ነው?» ይሏታል። እርሷም፣ «ቡናችሁ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል!» ትላለች።

በቅርቡ ግን የመጀመሪያ ፊልሟን አገኘች፤ ከመገደሏ በፊት አሥራ አንድ ቃል የምትናገርበት። ለሬሳው አሻንጉሊት እንዲሆን ፊቷ ላይ ጀሶ አፍስሰው ቅርጿን ወሰዱ። ሁለት ፊት ሠርተው አንዱን ለመታሰቢያ ሰጧት፤ እርሷም ከትራሷ አጠገብ አኖረችው።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ወደ ክፍሏ ብገባ፣ ያ ነጭ ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ከጎኗ ተኝቷል። የአባታችን ሬሳ ከድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ በመጣ ቀን፣ ሰው በሞተበት ቤት በአገራችን ልማድ አንቺ ያደረግሽውን፣ እጄ እኔን ሳይጠይቅ አደረገው፤ መስተዋቱን በአንሶላ ሸፈነ፣ ሰዓቱንም አቆመ።

በማግስቱ፣ ሰዓቱ ቆሞ ነበርና ደወሉ አልቀሰቀሳትም። ስቱዲዮ የደረስነው ሁለት ሰዓት ሙሉ አርፍደን ነበር። ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃልሴት ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ንግግሯን ትተነዋል። ሞታ ትገኝ፤ ፊቷ እንደሆነ አለን» አለ።

አሻንጉሊቱን ቅጠል ላይ አስተኝቶ ፀጉሩን የሚያበጥረው ሰውዬ ለቀልድ፣ «ሉቪናዬ፣ እስቲ አገጭሽን ቀና አድርጊልኝ» አለው። አጠገቤ የቆመችው እኅቴ አገጯን ቀና አደረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኝታ ቀረች፤ አትበላም፣ አትናገርም። ሰዓቱንም ብሞላው አልሄድ አለኝ። ለአባታችን ያቆምሽውን ሰዓት መልሰሽ ያስነሣሽው ከቀብር መልስ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ትናንት በቀትር የጀሶውን ፊት በትራሷ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከግቢው ሎሚ ዛፍ ሥር ቀበርኩት።

ስመለስ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሉቪናም አንሶላውን ገፍፋ ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች።

«ቨርሊን፣ ሰዓቱን ማን ነው ያቆመው?»

«እኔ እንጃ። በራሱ ይሆናል።»

«አንተ ደግሞ መዋሸት አትችልበትም። በል ውሃ ስጠኝ፤ አፌ አፈር አፈር ይለኛል።»

በወሩ መጨረሻ ለሌላ ፊልም ትፈተናለች። የምትጫወታት ሴት እስከ ፍጻሜው በሕይወት የምትቆይ ናት አሉ፤ ሉቪና ስትጠብቀው የኖረችው ይህንን ነው። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ከፊቴ ተቀምጣ ቃሏን ታጠናለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፁ ግን የሚመጣው በመስኮቱ ነው፣ ከሎሚው በኩል።

እናቴ ሆይ፣ ሰዓቱን ያቆምኩት እኔ መሆኔን አትጻፊላት። አንድ ነገር ብቻ ከፈተናዋ በፊት መልሺልኝ፦ ፊቱን ቆፍሬ ላውጣው ወይስ ልተወው?

እግዚአብሔር ጣሪያሽን ከበረዶ፣ ጉልበትሽን ከቁርጥማት ይጠብቅልኝ። የሁለታችንንም ስም በጸሎትሽ ጥሪ፤ የእርሷን ግን ጮክ ብለሽ።

ታዛዥ ልጅሽ
ቨርሊን