በእጅጌው የገባው ውሃ

ጎንደር፣ አራዳ
ነሐሴ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዐብዱረሕማን
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሐጃጅ ስታመላልስ እንቅልፍ ያጣህበት ሰሞን አልፎ፣ ይህን ደብዳቤ ጀርባህን አሳርፈህ እንድታነበው እየተመኘሁ ነው የምጽፍልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ዐረፋም በሰላም አለፈ። እናትህ እንደ ልማዳቸው ማንንም ሳያምኑ ራሳቸው ገበያ ወርደው፣ የበጉን አፍ ፈልቅቀው ጥርሱን አይተው፣ ሻጩን አስለቅሰው ነው የገዙት። በጉ ግን ወላሂ ሥጋው ልዩ ነበር።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። በስልክ ገና «ሪሃና» ስል ድምፅህ ይለወጣል፤ አንተ ትቆጣለህ፣ እኔም አልተውልህም፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። መስመሩ ይቋረጥ አንተ ትቁረጠው አላህ ይወቀው። ወረቀትን ግን ጆሮዬ ላይ አትዘጋብኝም። ወደ ጅዳ የሚመለስ ጎረቤት ስላገኘሁ በእጅህ እንዲያስረክብህ አደራ ብየዋለሁ።

ያልኸውን ላስታውስህ። ልጃችን ሪሃና ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በቱሪዝም ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም መጣላት። ደባርቅ ያሉት አስጎብኚዎች ሴቶችን በአስጎብኚነት ሊያሠለጥኑ እሷንም ተቀብለዋታል። በመስከረም መጀመሪያ ሰሜን ተራሮች ላይ በድንኳን እያደሩ እስከ ራስ ዳሸን ይወጣሉ። እሷ «ያለ አባቴ ዱዓ እግሬን አላነሳም» ብላ ቁጭ አለች። አንተ ደግሞ «ውሃ የማያስገባ ልብስ ካላገኘች አትሄድም። አንዲት ጠብታ ከገባበትም አትሄድም። እናቴ ራሷ ፈትሻ ትመስክር» አልህ። እንዲህ ያለ ልብስ ጎንደር ውስጥ አይገኝም ብለህ ነው። ብልጥ ነህ፤ ግን ሚስትህ የልባሽ ጨርቅ ነጋዴ መሆኗን ረሳኸው።

እንግዲህ ልብሱ ተገኝቷል፤ ተፈትኗልም። አልዋሽህም፣ ውሃ ገብቶበታል። በየት እንደገባ እስክነግርህ ድረስ ግን ደብዳቤውን እንዳታጥፈው።

በሰኔ ወር አንድ ቦንዳ ልባሽ ጨርቅ ከፈትሁ። የልጆች ልብስ ነው ተብዬ የወሰድሁት ነበር። ከላይ እውነትም የልጆች ሹራብ ነበር፤ ከሥሩ ግን ወፋፍራም ጃኬትና እስከ ደረት የሚደርስ ሱሪ ታጭቆበታል፤ ያውም ብርቱካንማ። የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀብኝ፤ «ፈህሚያ፣ ጨረቃ ላይ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» ይሉኛል። ሪሃና ግን ጃኬቱን አንስታ አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ ይሄ እኮ የበረዶ ሸርተቴ ልብስ ነው። ፈረንጆች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የሚለብሱት፤ ውሃ አያስገባም» አለችኝ። አይኗ እንዴት እንደበራ ባየህ! ጃኬቱንና ሱሪውን ከቦንዳው ለይቼ ቤት ይዤ ገባሁ።

የጃኬቱ አንገት ላይ የሰው ላብና ቅባት ነበረበት። እኔ ደግሞ ልብስ አጠባ የሚያስተምረኝ የለም ባይ ነኝ። ለልጄ ነው ብዬ የዱቄቱን ሳሙና እጥፍ አደረግሁ፣ ውሃውን አሞቅሁ፣ በመጨረሻም ያን ሽቶ ያለውን የልብስ ማለስለሻ ሳልሰስት ጨመርሁበት። ገመድ ላይ ሲሰጣ መንደሩን በሽቶው አወደው። ሲደርቅ እናትህን ጠራሁ፤ የውዱ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡና ትከሻው ላይ አፈሰሱበት። ጃኬቱ ውሃውን ጠጣው። ወዲያው ጠቆረ፣ ከበደ፣ በሥሩ የያዝሁት እጄ ራሰ። እማማ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ሪሃና የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

እማማ ለምን ጥለውን እንደገቡ አንተም እኔም እናውቃለን። ሊማሊሞ ላይ መኪናህ በተበላሸበት ቀን ወንድምህ ኪሩ ረዳትህ ነበር። በዚያ ዝናብና በረዶ ሰው ሊጠራ ወደ ደባርቅ ሲነሳ ካቦርትህን ከላይህ ላይ አውልቀህ አለበስኸው። ካቦርቱ ውሃ ጠጣ፣ ከበደው፤ ሳይደርስ ብርዱ ቀድሞ ገደለው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ነድተህ አታውቅም። ጅዳም የሄድኸው ለእንጀራ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጠይቄህ ግን አላውቅም። ሰው «ሴት ልጅ ተራራ አትወጣም ብሎ ነው» ሲል እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንተ የምትፈራው ውሃ ነው።

በማግሥቱ ሪሃና ጃኬቱን ገልብጣ ውስጡ የተሰፋውን ምልክት ስታይ፣ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ቆይታ «አልተበላሸም፣ እማዬ፤ እኛ ነን ያፈንነው» አለችኝ። ጨርቁ ከላይ ውሃ የሚያንከባልል ነገር ተቀብቷል። የዱቄት ሳሙናው እላዩ ላይ ይቀርና ውሃ ይስባል፤ ማለስለሻው ደግሞ ጭራሽ ይደፍነዋል። እኔ በፍቅር ብዛት ነው የገደልሁት ማለት ነው! ሳሙናው ከወጣለት በኋላ እንደገና ይቀባል፣ ከዚያ በሙቀት ይያዛል። የሚቀባው ነገር ከየት ይምጣ ብለን ስንጨነቅ አያ እስጢፋኖስን አስታወስሁ። ከደባርቅ እየመጡ ከእኔ የሚገዙትን አስጎብኚ ማለቴ ነው። ስደውልላቸው ሳቁብኝ።

«ምነው ፈህሚያ፣ ለልጅሽ መሆኑን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር? እንግዳው ሁሉ ግማሹን ተጠቅሞ ትቶልን ነው የሚሄድ። ሸጋ ነገር ነው፤ እኛማ ለጫማ ስንቀባው ከረምን» አሉና በሚቀጥለው ቀን በሚኒባስ ላኩልኝ።

በዚህ ጊዜ የታዘዝሁት እኔ፣ ያዘዘችው ልጅህ ናት። ዚፑን ሁሉ ዘጋን። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽቶ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ያውም በጥቂቱ፣ በእጃችን ቀስ እያልን አጠብነው። ከዚያ ማለቅለቅ ነው፤ አረፋው እንቢ ይላል፣ ሳፋውን እንደፋለን፣ እንደገና እንሞላለን። ያን ቀን ውሃ የመጣው በአላህ ፈቃድ ነው። አትጭመቂው አለችኝ፤ እንዲሁ እንዲንጠባጠብ ሰቀልነው። እርጥብ እንዳለ አያ እስጢፋኖስ የላኩትን መድኃኒት በውሃ በጥብጠን ዘፈዘፍነውና መልሰን አሰጣነው። ሲደርቅ ካውያውን ዝቅ ባለ ሙቀት አድርጌ በመሃል የአንተን ሽርጥ አነጠፍሁበት፤ ሌላ ስስ ጨርቅ አላጣሁም፣ እጄ ግን እሱን አነሳ። አንዱን እጅጌ እንደጨረስሁ መብራት ሄደ። የከሰሉን ካውያ ላውጣ ብል ሙቀቱ ያቀልጠዋል ብላ ከለከለችኝ፤ መብራቱ እስኪመጣ ካውያውን ይዤ ቆምሁ።

ስንጨርስ ሪሃና ጣቷን ነክራ አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ተንከባላ መሬት ወረደች። እልል ልል ስል አፌን በእጇ ያዘችኝ፤ ገና ምስክር አላየውማ።

እማማን ጠራናቸው፤ ማንቆርቆሪያቸውን ሳይዙ መጡ። «ማንቆርቆሪያ ምን ያውቃል? ሊማሊሞ በማንቆርቆሪያ አይዘንብም። አምጪው፣ እኔ እለብሰዋለሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። ሱሪውን ግን «በዚህ ዕድሜዬ ሱሪ አታልብሱኝ» ብለው ገፉት፤ ጉልበታቸው ላይ እንደ ብርድ ልብስ አደረጉት። ከሰዓት ሰማዩ እንደጠቆረ በርጩማቸውን ግቢው መሃል አስቀምጠው፣ ቆቡን ደፍተው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ተቀመጡ።

ዝናቡ መጣ። በረዶም ቀላቀለ፤ ቆርቆሮው እስኪጮህ ወረደ። እኔ ከበረንዳው «እማማ ይበቃል፣ አየነው እኮ!» እላለሁ፤ ሪሃና ታለቅሳለች፤ የጎረቤት ሴቶች በየበራቸው ወጥተው «ምን ነካቸው?» ይሉናል። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። አሸንዳው መፍሰሱን እስኪያቆም ተቀመጡ።

ሮጬ ሄጄ አስነሳኋቸው። ጃኬቱን ሳወልቅላቸው እጄን በእጅጌው አስገባሁና ክው አልሁ። እስከ ክርናቸው ድረስ እርጥብ ነው። ሪሃና አየችኝና እዚያው ርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች። ጀርባቸውን ዳሰስሁ፤ ደረቅ ነው። ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን፣ ብብታቸውን ዳሰስሁ፤ ደረቅ ነው። በሱሪው የተሸፈነው ጉልበታቸውም ደረቅ ነው። የራሰው እጃቸው ብቻ ነው።

«ምን ያስደነግጥሻል?» አሉኝ። «እጄን አንስቼ ነው።»

ዝናብ ሲወርድ ዱዓ አይመለስም እያሉ ነው ያሳደጉህ፤ አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነው የቆዩት። ውሃው በእጅጌው አፍ እየገባ ወደ ክርናቸው ወረደ። በጨርቁ በኩል አንዲት ጠብታ አልገባችም። እንግዲህ ጠብታ ከገባ አትሄድም ያልኸው አንተ ነህ፤ ይችኛዋን ጠብታ ከቆጠርሃት ቁጠራት።

ለማን ዱዓ እንዳደረጉ አልጠየቅኋቸውም። ደረቅ ልብስ ለብሰው ከተቀመጡ በኋላ ግን ራሳቸው «ወረቀት አምጪና ለልጄ ጻፊለት» አሉኝ። ከአፋቸው እንደወጣ እነሆ፦

«ዐብዱረሕማን፣ ደረቅ ነኝ። ብርዱም አልነካኝም። ያን ዝናብ ልይልህ ብዬ ነው የተቀመጥሁት። ለኪሩ ያለበስኸው የነበረህን ነው፣ ያውም ከራስህ ገላ ላይ አውልቀህ። ካቦርቱ ከበደው እንጂ አንተ አልከበድኸውም። አንድ ቀን በልቤ ወቅሼህ አላውቅም፤ ይህን ሳትሰማ እንዳልሞት እፈራ ነበር። ለልጅህ ከዚያ የተሻለ ልብስ ተገኝቷል። አንተው አልብሳት።»

ይህን ስጽፍ ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ አየዋለሁ። ሪሃና በመጣች በሄደች ቁጥር እጅጌውን ነካ ታደርገዋለች፤ ገና ግን አልለበሰችውም። ከጁምዐ ሰላት በኋላ ደውል። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ ዱዓህ እንጂ ረጅም ነገር አያስፈልጋትም።

አላህ ከመንገድ ክፉ፣ ከሰው ክፉ ይጠብቅህ፤ የቀረውን ዘመናችንን በአንድ ጣሪያ ሥር ያድርገው። ሽርጥህን ካውያው ጫፉን ለብልቦታል። ሌላ አልገዛልህም፤ መጥተህ ራስህ ትመርጣለህ።

ሚስትህ ፈህሚያ